ደመወዝተኛዋና ጓዳዋ፤ ከኢተያ የተገኘ የቤት ባልትና ትምህርት

በዚህ መጽሔት ገጾች ላይ ስለ ፍልስፍና፣ ስለ ታሪክና ስለ ሥነ ጽሑፍ ብዙ ተብሏል። ስለ ጓዳ የተባለው ግን እጅግ ጥቂት ነው። ምክንያቱም አብዛኞቻችን በተማሪዎች ምግብ ቤት ሳሕናችንን ይዘን የምንሰለፍ በመሆናችን፣ እንጀራው ከቡሓቃ እስከ መሶብ የተጓዘውን መንገድ መርምረን አናውቅም። እኛም እስካለፈው ክረምት ድረስ ከነዚሁ ወገን ነበርን። ዛሬ የምናቀርበው ትምህርት ቀኑን ሙሉ በሥራ የሚውል ሰው ቤቱን በቁጠባ እንዴት ሊያስተዳድር እንደሚችል የሚያስረዳ ነው። ትምህርቱን የቀሰምነው ከአንዲት ደመወዝተኛ ጓዳ ስለ ሆነ፣ አስቀድመን እርሷን ማስተዋወቅ ይገባናል።

አገራችን ኢተያ ናት። ከአዳማ ወደ አሰላ ሲኬድ ዴራን አልፎ፣ ጎንዴ ሳይደረስ የምትገኝ የሄጦሳ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ዙሪያዋ የስንዴና የገብስ አገር ነው። በዚያው አካባቢ ታላቅ እኅታችን መምህርት ናት። አባታችን ካረፉ ወዲህ እናታችንም፣ እኛ ሁለታችን ወንድማማቾችም በእርሷ ደመወዝ ነው የምንተዳደረው። የቤቱን ወጪ በደብተር እስከ ሳንቲም ትጽፋለች፤ ብድር የለባትም። ቆጣቢ ማለት እርሷ ናት።

ይህች እኅታችን በርቀት ትምህርት የዲግሪ ትምህርት ጀምራ በሁለተኛው ዓመት ተወችው። እኛ ክፍያው ከብዷት መስሎን ነበር። በክረምቱ አንድ ማታ፣ «እትዬ፣ ትምህርቱን ለምን ተውሽው?» ብለን ጠየቅናት።

«ክፍያውስ አልከበደኝም፤ መጽሐፉን ስከፍተው እንቅልፍ ይወስደኛል እንጂ» አለችንና ወደ ሊጧ ተመለሰች።

ይህ መልስ አላስተኛንም። የብሩ ደብተር እንዳለ ሁሉ የሰዓት ደብተር ቢኖር ምን ይታይ ይሆን ብለን፣ ትምህርት ቤት ሲከፈት ለአንድ ሳምንት ውሎዋን መዘገብን። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ትነሣለች፤ ከምሽቱ 4 ሰዓት ትተኛለች። ይህ 17 ሰዓት ነው። ከትምህርት ቤቱ ሥራ ሌላ፣ በሥራ ቀን ለምግብ፣ ለውሃ፣ ለእጥበትና ለጽዳት 5 ሰዓት ያህል፣ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ በየቀኑ 8 ሰዓት ያህል ትሠራለች። ሲደመር በሳምንት 41 ሰዓት ነው። የእኛ የሁለታችን ሥራ ተደምሮ 3 ሰዓት አልሞላም።

አንባቢ ልብ ይበል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የአንድ ሠራተኛ መደበኛ የሥራ ጊዜ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ተደንግጓል። የጓዳውን ሰዓት ግን የሚወስን አዋጅ የለም። እ.ኤ.አ. በ2013 ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ በአገር አቀፍ ደረጃ ያካሄደው የጊዜ አጠቃቀም ጥናትም፣ ክፍያ የሌለውን የቤት ሥራ አብላጫውን የሚሸከሙት ሴቶች መሆናቸውን አሳይቷል። እንግዲህ የእኅታችን ነገር የእርሷ ብቻ አይደለም። ወደ ትምህርቱ እንግባ።

1ኛ. ስለ እንጀራ

በቤታችን አራት ሰዎች አለን። አንድ ሰው በቀን ሁለት እንጀራ ይበላል ብንል በሳምንት 56 እንጀራ ያስፈልጋል። አንዱን ለመጋገር 3 ደቂቃ ተኩል ቢፈጅ መጋገሩ ብቻ 196 ደቂቃ ነው። ከዚህ ላይ ምጣዱ እስኪግል የሚጠፋው ጊዜ ይጨመራል፤ 15 ደቂቃ እንበለው። በየቀኑ የሚጋገር ከሆነ ለማጋል ብቻ 105 ደቂቃ ይሄዳል። በሳምንት ሁለት ጊዜ ብቻ ቢጋገር ግን 30 ደቂቃ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3 ተኩል ኪሎዋት ያህል ስለሚስብ፣ የ75 ደቂቃው ልዩነት በሳምንት ከ4 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ኀይል ይሆናል።

እኅታችን ሊጡ እንደ ደረሰ፣ መብራቱም እንደ መጣ፣ አንዳንድ ሳምንት አራት ጊዜ ትጋግር ነበር። አሁን ቀኑ ተወስኗል። ሰኞ ማታ የተቦካው ረቡዕ ማታ፣ ኀሙስ ማታ የተቦካው ቅዳሜ ይጋገራል። የረቡዑ እስከ ቅዳሜ፣ የቅዳሜው እስከ ረቡዕ ይደርሳል። በሳምንት አንድ ጊዜ ብቻ መጋገር ይበልጥ የሚቆጥብ ቢመስልም እንጀራው ይሻግታልና ትርፉ ኪሳራ ይሆናል። የኢተያ ብርድ ግን ለአራት ቀን ይረዳል። የተረፈው ሳይሻግት ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ድርቆሽ ይሆናል፤ ድርቆሽ ደግሞ ወጥ ባልተሠራበት ቀን በጥቂት ደቂቃ ፍርፍር ይሆናል።

ጤፍ በእኛ አገር ከስንዴና ከገብስ ይልቅ ውድ ነው። ስለዚህ ከገብስ ዱቄት ጋር መቀላቀል የቆየ ብልሃት ነው። አብሲቱ በደንብ ከተጣለ እንጀራው ዐይን አያጣም። ስንዴ ከበዛበት ግን ቶሎ ይደርቃልና፣ ለአራት ቀን የሚቀመጠውን ቅልቅል በዚህ መጠን መመዘን ያስፈልጋል።

2ኛ. ስለ ወጥ

ወጥ ሲሠራ ጊዜና ነዳጅ የሚበላው ሽንኩርቱን ማቁላላት ነው። ሦስት ቀን ሦስት ጊዜ ከማቁላላት ይልቅ በአንድ ጊዜ ብዙ ቁሌት አዘጋጅቶ፣ ንጹሕ በሆነ ክዳን ባለው ዕቃ ማስቀመጥ ይሻላል። ማቀዝቀዣ በሌለበት ቤት ቁሌቱ በየቀኑ ይሞቅ፤ ከሦስት ቀንም አይለፍ። ሽሮ በአንድ ጊዜ ለብዙ ወራት ተዘጋጅቶ የሚፈጭ ስለ ሆነ፣ ቁሌት ካለ እራት በ20 ደቂቃ ይደርሳል። እዚህ ላይ ሽሮን እንደ ድኻ ወጥ የሚንቁ ሰዎች ተሳስተዋል። እህል የሚጎድለው ላይሲን የተባለው የፕሮቲን ክፍል በሽንብራ፣ በአተርና በባቄላ ውስጥ ስለሚገኝ፣ እንጀራና ሽሮ አብረው ሲበሉ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል።

ክክና ምስርን በተመለከተ ደግሞ ለኢተያ የሚስማማ ሌላ ዘዴ አለ፤ ይኸውም የጭድ ሣጥን ነው። በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች ጊዜ ነዳጅ ባጠረበት በአውሮፓ ብዙ ቤተሰቦች ሠርተውበታል። ምሥጢሩ ቀላል ነው። ምግብን የሚያበስለው ሙቀቱ ነው፤ ሙቀቱ እንዳይወጣ ከተያዘ እሳቱ ሳይቋረጥ መንደድ የለበትም። በጭድ መካከል የታፈነው አየር ሙቀትን አያሳልፍም። ሣጥኑን ከታችና ከጎን አንድ ስንዝር በደረቅ ጭድ መሙላት ነው። ማታ የተዘፈዘፈውን ክክ ጧት 15 ደቂቃ አፍልቶ፣ ክዳኑ ሳይነሣ ድስቱን በሣጥኑ ውስጥ ማስቀመጥ፣ ከላይ ጭድ በተሞላ ትራስ መክደን ነው። ለምሳ ሲመለሱ ክኩ በስሎ ይገኛል፤ እንደ ገና አፍልቶ በቁሌት ማዋሐድ ብቻ ይቀራል። ሁለት ማስጠንቀቂያ አለን። ምግቡ ቀዝቅዞ ማደር የለበትም። ቀይ ቦሎቄም አስቀድሞ ቢያንስ 10 ደቂቃ በኀይል መፍላት አለበት፤ በለዘብታ ሙቀት ብቻ ከበሰለ ሆድን የሚያውክ መርዝ ይቀርበታል።

3ኛ. ስለ አርሲ ስንቅ

የከተማ ሰው ፈጣን ምግብ ሲል ከሱቅ የሚገዛውን ያስባል። የአርሲ እናቶች ግን ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ፈጣን ምግብ አላቸው። ጭኮ ከተቆላና ከተፈጨ ገብስ በንጥር ቅቤ ይታሻል፤ ለሳምንታት ሳይበላሽ ይቆያል፤ ቁራሹ ያጠግባል። ለጾመኛ ደግሞ በሶ አለ፤ ውሃና ትንሽ ጨው እንጂ እሳት አይፈልግም። ከተከካ ስንዴ ወይም ገብስ የሚሠራው ቂንጬም ቁርስ ለማድረስ ጊዜ አይፈጅም። እኅታችን ለትምህርት ቤት የምትይዘው ምሳ አብዛኛውን ጊዜ ከነዚህ አንዱ ነው። በምሳ ሰዓት ቤት መጥቶ መመለስ ሲቀር ደግሞ አንድ ሰዓት ይተርፋል።

4ኛ. ስለ ጋራ ሥራ

አንድ ቤት ብቻውን ሊቆጥበው የማይችል ሰዓት አለ። እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድን መንግሥት ድጋፍ የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት በአሰላ ሲቋቋም፣ የታወቀው በምርጥ ዘርና በማዳበሪያው ነው። ከሥራዎቹ አንዱ ግን ለገጠር ሴቶች ባልትና ማስተማር ነበር። ሆኖም ውሃ ለመቅዳት ረጅም መንገድ ለምትሄድ ሴት የባልትና ትምህርት ብቻውን ምን ይረዳታል? በሄጦሳ ለዚህ ጥያቄ መልስ የተሰጠው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ነው። በዎተርኤይድ ርዳታና በሕዝቡ ጉልበት የተራራ ምንጮች ተጠልፈው፣ ያለ ሞተር ከላይ ወደ ታች በራሱ ክብደት የሚወርድ ውሃ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ በሆነ ቧንቧ ለብዙ ቀበሌዎች ተዳረሰ። ተጠቃሚው እየከፈለ፣ የመረጣቸው ሰዎች የሚያስተዳድሩት ሆነ። የሴቶችን ሰዓት በመቆጠብ ረገድ ይህን የሚያህል የባልትና ሥራ አናውቅም።

ከድንጋይ ወፍጮ ወደ ሞተር ወፍጮ የተደረገውም ለውጥ እንዲሁ ነው። በእንጨት ለሚጋግሩ ደግሞ ከእሳተ ገሞራ ጠጠርና ከሲሚንቶ የሚሠራው «ምርጥ» የተባለው ምድጃ፣ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር እንጨቱን እስከ ግማሽ ድረስ ይቀንሳል። ገንዘቡ በአንድ ጊዜ ለማይገኝላቸው ዕቁብ አለ። የእኅታችን የኤሌክትሪክ ምጣድ የተገዛው በመምህራት ዕቁብ ነው።

5ኛ. ቁጠባ የማይደርስበት ቦታ

ይህን ሁሉ ካደረግን በኋላ ደብተራችንን እንደ ገና ከፈትን። ከምሳው መንገድ ጋር ተደምሮ የተረፈው በሳምንት 9 ሰዓት ያህል ነው። ይህ ትንሽ አይደለም። ነገር ግን ከ41 ሰዓት 9 ሲነሣ 32 ይቀራል። እርሷ ከዚህ በላይ ብትቆጥብ መቆጠብ የሚቀራት እንቅልፏን ብቻ ነው።

«ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ይባላል። እኛ ምድጃ መለወጥ ጥቅም እንዳለው በቍጥር አሳይተናል። ቢሆንም ተረቱ አንድ እውነት አለው። እ.ኤ.አ. በ1926 ማርጋሬቴ ሹቴ ሊሆትስኪ የተባለችው የኦስትሪያ አርክቴክት የፍራንክፈርትን ወጥ ቤት ስትነድፍ፣ የሠራተኛዪቱ ርምጃ እንዲያጥር ዕቃውን ሁሉ በእጅ ርቀት አደረገችው። ሥራው በዓለም የተደነቀ ነው። በኋላ የመጡ ተቺዎች ግን ወጥ ቤቱ ለአንድ ሰው ብቻ ስለሚበቃ፣ ሴቲቱን በውስጡ ብቻዋን አስቀራት ብለዋል። እኛም ሣጥንና ደብተር ይዘን ስንመጣ ያደረግነው ይህንኑ ነበር፤ ጉልቻውን ለወጥን፣ በጉልቻው ዙሪያ የሚቆመውን ሰው ግን አልለወጥንም።

ስለዚህ 32ቱን ሰዓት ለሦስት ተካፈልነው፤ ለእርሷ 12፣ ለእያንዳንዳችን 10። ወፍጮ ቤቱ፣ ውሃው፣ የልብስ እጥበቱና የቅዳሜው ጋገራ የእኛ ሆኑ። እናታችን መጀመሪያ፣ «ወንድ ልጅ ምጣድ ፊት ሲቆም ጎረቤት ምን ይላል?» ብለው አዝነው ነበር። የመጀመሪያው እንጀራችንም አላኮራንም፤ ምጣዱን በጎመን ዘር ሳናሰስ አፍስሰን ተጣብቆ ቀረ። እናታችን ሣቁ፤ ማሰሻውን አንሥተው አሳዩን። በሦስተኛው ቅዳሜ የጋገርነው ዐይኑ ሙሉ ነበር፤ ጎረቤትም ቀምሶ ዝም አለ።

አንድ ያልተፈታ ነገር አለ። ታላቁ ወደ ዩኒቨርሲቲ ሲመለስ 10 ሰዓቱ በማን ላይ ይወድቃል? የሚበላው ሰው አንድ በመቀነሱ ሥራው ጥቂት ይቀንሳል። ሽሮውንም በእረፍት ጊዜ አስፈጭተን እናስቀምጣለን። የቀረው ግን በታናሹና በእኅታችን ላይ መከፈሉ አይቀርም። ይህን ሳንደብቅ እንጽፋለን። እኅታችን እስካሁን ወደ ትምህርቷ አልተመለሰችም፤ ውሳኔው የእርሷ ነው። መጽሐፉ ግን ከቁም ሣጥኑ ላይ ወርዶ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል፤ ረቡዕ ማታ እንጀራው ሲጋገር በአጠገቡ ስታነብ አይተናታል።

እናንተ በመኝታ ክፍላችሁ ሆናችሁ ይህን የምታነቡ ወንድሞች፣ ወደ አገራችሁ ስትመለሱ አንድ ደብተር ግዙ። የሚያበሏችሁን ሰው ሰዓት ለአንድ ሳምንት መዝግቡ፤ የራሳችሁንም ከጎኑ ጻፉ። ከዚያ በኋላ የሚደረገውን ለማወቅ የቤት ባልትና አስተማሪ አያስፈልጋችሁም።