ስለ ትናንሽ አራዊት አደን፤ በእንሹ ምሳሌነት የቀረበ ትምህርት

የአደን ነገር በተነሣ ጊዜ የሰው ሁሉ አሳብ የሚሄደው ወደ አንበሳ፣ ወደ ዝሆንና ወደ ጎሽ ነው። በአገራችንም በቀድሞ ዘመን ገዳይ ተብሎ የሚከበረው እነዚህን የገደለ ሰው ነበረ፤ እንሹ ገደልሁ ብሎ የሚፎክር ግን አይገኝም ነበር። ከዚህ የተነሣ ብዙ ሰው የትናንሽ አራዊት አደን ጨዋታ እንጂ ሥርዓት የሚፈልግ ሥራ አይመስለውም። ዳሩ ግን አውሬው ባነሰ መጠን የአዳኙ ጥንቃቄ ሊበዛ ይገባል። ይህንም በእንሹ ምሳሌ እንመለከታለን።

የእንሹ ጠባይ። እንሹ ከሚዳቋ ወገን ከሆኑት አራዊት መካከል እጅግ ትንሽ ናት። ቁመቷ ከ30 እስከ 40 ሳንቲሜትር፣ ክብደቷም ከ3 እስከ 7 ኪሎ ያህል ነው። በኢትዮጵያ፣ በሶማሊያ፣ በኬንያና በታንዛኒያ ቁጥቋጦ በበዛበት ደረቅ ቆላ ትኖራለች። ከቅጠልና ከጤዛ የምታገኘው እርጥበት ስለሚበቃት ውሃ ሳትጠጣ ብዙ ቀን መቆየት ትችላለች። ወንዱና ሴቲቱ ጥንድ ሆነው በአንድ ክልል ይኖራሉ፤ ድንበራቸውንም ዐይነ ምድራቸውን በአንድ ቦታ በመከመርና ከዓይናቸው አጠገብ በሚወጣ ጥቁር ፈሳሽ ያመለክታሉ። ቀንድ ያለው ወንዱ ብቻ ነው፤ እርሱም አጭር ስለ ሆነ በግንባሩ ጠጉር መካከል ሊሰወር ይችላል። ሴቲቱ ስድስት ወር ያህል አርግዛ አንድ ግልገል ብቻ ትወልዳለች።

የሳፋሪ አደን። «ሳፋሪ» በስዋሂሊ ቋንቋ ጉዞ ማለት ነው፤ በኋላ ግን አራዊትን ለማደን ወይም ለማየት የሚደረግ ጉዞ በዚህ ስም ታወቀ። ኬንያ የአራዊትን አደን በ1969 ዓ.ም. (በፈረንጆች በ1977) ከለከለች። በታንዛኒያ ግን በፈቃድና በተወሰነ ቍጥር ይታደናል። በዚያ አገር እንሹን የሚያድን ሰው ማለዳ ወይም ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ ዱካ ከሚያውቅ መሪ ጋር በእግሩ ይወጣል። ጠረኑ እንዳይቀድመው ነፋሱን ከፊት ይቀበላል። የዐይነ ምድሩን ክምር ባገኘ ጊዜ ትኩስ መሆኑን መርምሮ እንስሳቱ ሩቅ አለመሆናቸውን ይረዳል። ለትልቅ አውሬ የተሠራ ጥይት ሥጋዋንም ቆዳዋንም ስለሚያበላሽ፣ ጥይቱ ትንሽ የሆነ ጠመንጃ ይመርጣል።

እንሹ ስትደነግጥ በአፍንጫዋ እያፏጨች፣ ወዲያና ወዲህ እየታጠፈች ትሮጣለች። አዳኙ የሚፈተነው በዚህ ጊዜ ነው። ቀንዱን አይቶ ወንድ መሆኑን ሳያረጋግጥ ቢተኩስ ምናልባት እናቲቱን ይገድላል፤ በቁጥቋጦ ሥር ተደብቃ የእናቷን መመለስ የምትጠብቀው ግልገልም በረኃብ ትሞታለች። በአንዲት ጥይት ሁለት ነፍስ ጠፋ ማለት ነው። ዝሆን ቢሞት ወሬው በአገር ይሰማል፤ እንሹ ብትሞት ግን የሚጠይቅ የለም። ስለዚህ የትንሹ አውሬ ጠባቂ የአዳኙ ሕሊና ነው። አይቶ የተጠራጠረ ሰው ጠመንጃውን ዝቅ አድርጎ ቢመለስ አዳኝነቱ አይቀነስም።

ስለ ወጥመድ። የሽቦ ወጥመድ ከጥይት ይልቅ ይከፋል። ጠመንጃ የያዘ ሰው ከፈለገ መምረጥ ይችላል፤ ወጥመድ ግን ወንዱን ከሴቲቱ፣ ትልቁን ከግልገሉ አይለይም። ያጠመደው ሰው ሳይመለስ ቢቀር የተያዘችው እንስሳ ለማንም ሳትጠቅም ብዙ ተሠቃይታ ትሞታለች። የጎረቤት ፍየልና የእረኛ ውሻም ይያዝበታል።

የመምህራንና የሽማግሌዎች ተግባር። በአገራችን በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 541 ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳትን ማደን ይከለክላል። መምህር ሕጉን ለልጆች በሚነግርበት ጊዜ ምክንያቱንም አብሮ ያስረዳ፤ ምክንያቱን ያላወቀ ልጅ የሚጠነቀቀው የሚያየው ሰው ሲኖር ብቻ ነውና። ደግሞም ሞቶ የተገኘን አውሬ እንዳይነኩ ያስጠንቅቃቸው፤ አባ ሰንጋን የመሰለ በሽታ ከእንስሳ ወደ ሰው ይተላለፋልና። የአገር ሽማግሌዎችም በልጅነታቸው እንሹ፣ ሚዳቋና ሰስ በየትኛው ቆላና በየትኛው ገደል ይታዩ እንደ ነበረ ለተማሪዎች ይንገሩ። ልጆቹ በዚያ ስፍራ ዛሬ አውሬው መኖሩንና አለመኖሩን ሲያነጻጽሩ፣ ትንሽ አውሬ ድምፅ ሳያሰማ እንዴት ከአገር እንደሚጠፋ በገዛ ዓይናቸው ይማራሉ።

ለተማሪዎች የሚቀርቡ ጥያቄዎች።
1. የእንሹ ወንድ ከሴቲቱ በምን ይለያል?
2. አዳኝ ሳያረጋግጥ ቢተኩስ ምን ጉዳት ይደርሳል?
3. ወጥመድ ከጥይት ይልቅ ስለ ምን ይከፋል?
4. በመንደራችሁ አጠገብ ቀድሞ ይታይ የነበረ፣ ዛሬ ግን የማይታይ ትንሽ አውሬ አለን? ሽማግሌዎችን ጠይቃችሁ ጻፉ።