በፒካፕ ትራክተር ለሚያስጎትቱ፤ ስለ ተጎታችና ስለ ፍሬኑ አመራረጥ

የእርሻ ባለቤቶችና የወረዳ ሹማምንት ተጎታች ሲገዙ፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቁት «መኪናው ይህን መሳብ ይችላልን?» ብለው ነው። ይህስ መልካም ነው፤ ነገር ግን መቅደም የሚገባው ጥያቄ «በቍልቍለት ላይ ማቆም ይችላልን?» የሚለው ነው።

2000 ኪሎ የሚመዝን ትራክተር 600 ኪሎ በሚመዝን ተጎታች ላይ ቢጫን፤ ከኋላ ያለው ክብደት 2600 ኪሎ ይሆናል፤ ይህም ከብዙው ባዶ ፒካፕ ይበልጣል። የፒካፑ ፍሬን ግን የተሠራው ለራሱና በላዩ ለሚጫነው ነው። ስለዚህ በአውሮፓ ሕግ፤ ከነጭነቱ ከ750 ኪሎ በላይ እንዲመዝን የተፈቀደ ተጎታች ሁሉ የራሱ ፍሬን ሊኖረው ግዴታ ነው።

አንደኛው ዓይነት ፍሬን፤ መኪናው ሲዘገይ ተጎታቹ ወደ ፊት በመግፋቱ የሚይዝ ነው፤ አሠራሩም ቀላል ነው። ነገር ግን ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ከ1000 ሜትር በላይ እንደሚወርደው ባለ ቍልቍለት፤ ተጎታቹ መግፋቱን ስለማይተው ፍሬኑም መያዙን አይተውም፤ ይግላል፤ ሲግልም ኃይሉ ይደክማል። ሁለተኛው በኤሌክትሪክ የሚሠራ ሲሆን፤ ሾፌሩ ከመቀመጫው ሳይነሣ ኃይሉን ያበዛል፤ ያሳንሳል። ገደል በበዛበት አገር ይህ ይመረጣል። ቢሆንም በዝቅተኛ ማርሽ በዝግታ መውረድን አያስቀርም፤ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ፍሬኑ የሚያበርደው ጉልበት 4 እጥፍ ይሆናልና።

ትራክተሩ ወደ ኋላ አዘንብሎ የተጫነ እንደ ሆነ ተጎታቹ ግራና ቀኝ ይወዛወዛል፤ ስለዚህ ከመላው ክብደት ከ100 እጅ 10 ያህሉ፤ ፒካፑን የሠራው ፋብሪካ ከፈቀደው ሳያልፍ፤ በመንጠቆው ላይ ይረፍ። መንጠቆው ቢላቀቅ የተጎታቹን ፍሬን ስቦ የሚያስይዘው ገመድም በፒካፑ ላይ መታሰሩ ከጉዞ በፊት ይታይ።