ፎቶው ተበላሸ ወይስ ሮጠ?

ባለፈው የስፖርት ቀን የዱላ ቅብብሉን እንዳነሣ የክበባችን የፊልም ካሜራ ተሰጥቶኝ ነበር። ሊመሽ ስለነበር ሹተሩን 15 ላይ አደረግሁና ካሜራውን የወንበር መደገፊያ ላይ አሳርፌ አነሣሁ። ፊልሙ ታጥቦ ሲመጣ ሯጮቹ ፊት የላቸውም፤ እንደ ጢስ ተስበዋል። ጓደኞቼ «ፊልሙን ጨረስክብን!» አሉኝ። አፈርኩ። ደግሜ ሳየው ግን አጥሩ ጥርት ብሎ ወጥቷል፤ የደበዘዘው የሮጠው ብቻ ነው። ለምን?

ሹተር በብዙ ካሜራዎች ከፊልሙ ፊት ያለ መጋረጃ ነው። ስንጫነው ይከፈታል፤ ብርሃን አስገብቶ ይዘጋል። ካሜራው ላይ የተጻፉት 500፣ 125፣ 60፣ 30፣ 15፣ 8፣ 4 የሴኮንድ ክፍልፋዮች ናቸው፤ 30 ማለት 1/30 ሴኮንድ ነው። ቁጥሩ ባነሰ መጠን መጋረጃው ተከፍቶ ይቆያል።

እስቲ በሒሳብ እንየው። በሴኮንድ 6 ሜትር የሚሮጥ ልጅ በ1/500 ሴኮንድ 1.2 ሳንቲ ሜትር፣ በ1/30 ሴኮንድ 20 ሳንቲ ሜትር፣ በ1/4 ሴኮንድ 1 ሜትር ተኩል ይጓዛል። ፊልሙ ይህን መንገድ ሁሉ በአንድ ፎቶ ላይ ይደራርበዋል። እንግዲህ ድብዝዝታው የተጓዘው ርቀት ነው ማለት ነው።

ጊዜው በጣም ከረዘመ ደግሞ ተንቀሳቃሹ ጭራሹን ይጠፋል። እ.ኤ.አ. በ1838 ፈረንሳዊው ሉዊ ዳጌር ፓሪስ ውስጥ ቡሌቫር ዱ ታምፕል የተባለውን ጎዳና ሲያነሣ ብዙ ደቂቃ ፈጅቶበታል። አላፊ አግዳሚውና ጋሪው ምልክት ሳይተው ጠፋ፤ ጎልቶ የታየው ጫማውን ለማስጠረግ የቆመ አንድ ሰው ነው።

አሠራሩ እንደሚከተለው ነው፦

1ኛ/ ካሜራውን በባለሦስት እግር ማቆሚያ፣ ከታጣም በጠረጴዛ ወይም በድንጋይ ላይ እናሳርፍ። ባለ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ከ1/60 ይበልጥ በዘገየ ሹተር በእጅ ከተያዘ የራሳችን መንቀጥቀጥ ይገባበታል።

2ኛ/ ሹተሩ ሲዘገይ ብርሃን ስለሚበዛ የሌንሱን ቀዳዳ እናጥብብ። 1/125 ከቀዳዳ 4 ጋር ልክ ከሆነ፣ 1/30 ከ8 ጋር፣ 1/8 ከ16 ጋር ያንኑ ያህል ብርሃን ያስገባል።

3ኛ/ ወራጅ ውሃ 1/4 ሴኮንድና ከዚያ በላይ ሲሰጠው እንደ ተዘረጋ ነጠላ ይለሰልሳል።

4ኛ/ ሯጩ እንዲለይ ከፈለግን በ1/30 ካሜራውን ከሯጩ እኩል እናዙር፤ ስንጫንም አናቁም። ሯጩ ሻል ብሎ ይጠራል፤ ጀርባው ይሳባል። እኔ 8 ጊዜ ሞክሬ የተሳካልኝ አንዱ ብቻ ነው፤ ትዕግሥት ይጠይቃል።

ያን «የተበላሸ» ፎቶ ከዚህ ጽሑፍ ጎን ለጥፌዋለሁ። ነገ ክፍል ስንገባ ተማሪው ደብተር ላይ ቀይ ከማስመራችን በፊት «እንዴት እዚህ ደረስክ?» ብለን ብንጠይቅ ስሕተቱ ራሱ ትምህርት ይወጣው ይሆናል።

መልመጃ፦ በ1/15 ሴኮንድ በተነሣ ፎቶ ላይ፣ የሯጩን ቁመት መለኪያ አድርገን ስናሰላ ደረቱ 40 ሳንቲ ሜትር ተስቦ ቢገኝ፣ የሯጩ ፍጥነት በሴኮንድ ስንት ሜትር ነው? ሠርታችሁ ከፎቶው ሥር ለጥፉልኝ።