ቆራሌው የማይገዛው ዕቃ



ቆራሌው በየሰፈሩ እየዞረ ሲጣራ እናቶቻችን ጠርሙሱን፣ ቆርቆሮውን፣ አሮጌውን ጫማ ያወጡለታል፤ እርሱም አገላብጦ አይቶ ዋጋ ይቆርጣል። ፌስታልና የብስኩት መጠቅለያ ቢያወጡለት ግን ጆንያውን ተሸክሞ መንገዱን ይቀጥላል። በዚህ ጽሑፍ የምናጠናው ይህ እርሱ ጥሎት የሚሄደው ዕቃ በእጃችን ምን ሊሆን እንደሚችል ነው።

ጌታችን ሕዝቡን በእንጀራና በዓሣ ከመገበ በኋላ ትራፊው እንዲሰበሰብ ማዘዙንና 12 መሶብ መሙላቱን በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ተምረናል። ያ ትራፊ የሚበላ ነበር። የእኛ ዘመን ትራፊ ግን አይበላም፤ አይበሰብስም፤ ማንም ካልገዛው አንድም ይጣላል፣ አንድም ይቃጠላል።

ሲጣል ወዴት ይሄዳል? የአዲስ አበባ ቆሻሻ ከግማሽ ምዕት ዓመት በላይ ሲከማችበት የኖረው ቆሼ ተራራ ሆኖ ነበር። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ማታ ተራራው ተንዶ በሥሩ በነበሩት ቤቶች ላይ ወደቀ፤ ከ100 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎቹም ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። ሲቃጠል ደግሞ የት እንደሚቃጠል ሁላችንም እናውቃለን፤ ከሰል ለማያያዝ ተብሎ በምድጃው ላይ ነው። ያንን ጢስ የምትስበው ምድጃው አጠገብ የተቀመጠችው እናት ናት፤ በጀርባዋ ያዘለችው ሕፃንም ይስበዋል።

እንግዲህ ቆራሌው ይህን ዕቃ የማይፈልገው ስለምንድን ነው? ፌስታል ፖሊኢትሊን ከሚባል ፕላስቲክ የሚሠራ ስለሆነ ቀልጦ እንደገና መሠራቱስ ይችል ነበር። ነገር ግን እጅግ ቀላል ነው፤ አንድ ኪሎ ለመሙላት ብዙ ፌስታል መልቀም ያስፈልጋል። ያም ላይ ወጥና አፈር የነካው ስለሚሆን አጥቦና አድርቆ ለሚሸጠው ሰው ድካሙን የሚከፍል ዋጋ አይገኝበትም። የብስኩት መጠቅለያ ደግሞ ሲያዩት አንድ ወጥ ይመስላል እንጂ ብዙውን ጊዜ ፕላስቲክና በጣም ስስ አሉሚንየም ተደራርበው የተጣበቁበት ነው። እርጥበት እንዳያስገባ ተብሎ የተጣበቀውን በእጅ መለያየት አይቻልም።

ከሁሉ የሚያስቸግረው የመኪና ጎማ ነው። ቻርልስ ጉድይር የተባለው አሜሪካዊ በ1839 እ.ኤ.አ. ጎማ ከድኝ ጋር ሲሞቅ እንደሚጠነክር ደረሰበት። ድኙ የጎማውን ጥቃቅን ሰንሰለቶች እርስ በርስ ስለሚያስተሳስራቸው ያ ጎማ ከዚያ ወዲያ ቢያሞቁት አይቀልጥም፤ ይቃጠላል እንጂ። ይህን ትምህርት ያልተማሩት የአገራችን ባለ እጆች ግን መላውን ቀድመው አግኝተውታል፤ እሳቱን ትተው ቢላዋ አነሡና በረባሶ ሠሩ። በረባሶ የድኻ ጫማ ተብሎ ብዙ ተንቋል፤ ገበሬው ግን ድንጋዩንም ጭቃውንም ተሻግሮበታል። ይኸው ጎማ በ1997 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዘነበወርቅ ሰፈር ቤተልሔም ጥላሁን ባቋቋመችው ሶል ሬብልስ የጫማ ሶል ሆኖ፣ በእጅ የተፈተለ ጥጥ ከላይ ተሰፍቶበት፣ ውጭ አገር ተሽጧል። የዘነበወርቅ ሰፈር ከቆሼ ብዙም አይርቅም።

አሁን ወደ ፌስታሉ እንመለስ። በ2017 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ፌስታልን ቢከለክልም በየቤታችን ተጠቅልሎ የተቀመጠው ገና አላለቀም። ይህ ምንጣፍ ይሆናል። አሠራሩም እንዲህ ነው። ፌስታሉ ታጥቦ ይደርቅና ተዘርግቶ ወደ ርዝመቱ ይታጠፋል። እጀታውና የታችኛው ስፌት ተቆርጠው ይወጣሉ። የቀረው እንደ ቧንቧ ግራና ቀኙ ክፍት ስለሆነ በአግድም ስድስት ስድስት ሳንቲ ሜትር ሲቆረጥ እያንዳንዱ ቁራጭ ቀለበት ይሆናል። አንዱን ቀለበት በሌላው ውስጥ አሳልፎ፣ በራሱ ውስጥ መልሶ ቀስ ብሎ መሳብ ነው፤ ቋጠሮውን እርሱ ራሱ ይፈጥራል። በኃይል የሳበ ይበጥሰዋል። እንዲህ እየተቀጠለ የሄደው ክር እንደ ኳስ ይጠቀለልና በኪሮሽ ይሠራል። የእናቶቻችን የዳንቴል ኪሮሽ ለዚህ ይቀጥናል፤ የጣት ውፍረት ያለው ከእንጨት ተጠርቦ ጫፉ እንደ መንጠቆ ቢደረግ ይበቃል። የማዳበሪያ ጆንያ ክር እየተረተሩ ስፌት የሚሰፉ እኅቶች ይህን በአንድ ቀን ይለምዱታል፤ ወንዶቹ ግን ትዕግሥት ያስፈልገናል።

በአሜሪካ አገር በአንዳንድ አብያተ ክርስቲያናት ምእመናን እየተሰበሰቡ መጠለያ ለሌላቸው ሰዎች ይህን ምንጣፍ ይሠራሉ። አንድ ሰው የሚተኛበት ምንጣፍ ከ500 እስከ 700 ፌስታል ይወስዳል። ፕላስቲኩ የመሬቱን እርጥበት ስለሚከለክል ከካርቶን ይሻላል፤ ሲቆሽሽ ይታጠባል፤ ተጠቅልሎም በትከሻ ይያዛል። በየደጀ ሰላሙ በካርቶን ላይ የሚያድሩትን ወገኖቻችንን እያንዳንዳችን አይተናል። 40 አባላት እያንዳንዳቸው 15 ፌስታል ቢያመጡ 600 ይሆናል፤ ይኸውም የአንድ ሰው መኝታ ነው።

የብስኩት መጠቅለያው ለኪሮሽ አይሆንም፤ ተጠቅጥቆ በርጩማ ይሆናል። ባለ ሁለት ሊትር የሃይላንድ ጠርሙስ ውስጥ ንጹሕና ደረቅ መጠቅለያ በበትር እየጠቀጠቁ መሙላት ነው፤ ክብደቱ ቢያንስ 660 ግራም ካልደረሰ ሲቀመጡበት ይሟሽሻል። አንዱን ጠርሙስ መካከል አድርጎ ስድስቱን በዙሪያው ሲያቆሙ በትክክል ይገጥማሉ። ሰባቱ በጎማ ቁራጭ ጠበቅ ተደርገው ከታሰሩ በኋላ ጨርቅ ይለበሳሉ። በአንድ በርጩማ ውስጥ ከአራት ኪሎ በላይ መጠቅለያ ገባ ማለት ነው። ፀሐይ ፕላስቲክን ስለሚያደርቀውና ስለሚሰባብረው ከቤት ውጭ አይቀመጥም።

እዚህ ላይ አንድ የማልስማማበት ነገር አለ። ከሃይላንድ ጠርሙስ አበባ ቆርጦ፣ ቀለም ቀብቶ ለኤግዚቢሽን ማቅረብ በብዙ ቦታ ተለምዷል። አበባው በሁለት ሳምንት አቧራ ይለብስና ተመልሶ ይጣላል፤ አሁን ግን ቀለም ስለተቀባ ቀድሞ የሚገዛው ቆራሌውም አይፈልገውም። የሚጠቀምበት ሰው ሳይታወቅ ዕቃ ባንሠራ እመርጣለሁ።

ማቅለጥ ለእኛ የተፈቀደ አይደለም። በኬንያ ንዛምቢ ማቲ የተባለች መሐንዲስ ፕላስቲክና አሸዋ በሙቀት አዋሕዳ የመንገድ ንጣፍ በመሥራቷ በ2020 እ.ኤ.አ. ከተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም ሽልማት አግኝታለች፤ እርስዋ ግን ፕላስቲኩን በዓይነት ለይታ፣ በማሽን ነው። በግቢያችን በበርሜል ብንሞክረው ከመካከሉ አንድ የቧንቧ ወይም የኤሌክትሪክ ሽቦ ልባስ ቢገባበት ዓይንና ሳንባ የሚያቃጥል የአሲድ ጢስ ይወጣዋል።

ጨርሶ ልንሠራበት የማይገባ ዕቃም አለ፤ እርሱም የጸረ ተባይ መድኃኒት የነበረበት ጄሪካን ነው። ጠንካራና መልካም ስለሆነ በገጠር ውኃ መቅጃ፣ ዘይትና ጠላ መያዣ ሲሆን ይታያል። መርዙ በፕላስቲኩ ውስጥ ስለሚሰርግ ደጋግመው ቢያጥቡትም፣ ሽታው ቢጠፋም አይለቅም። ሊደረግለት የሚገባው ሦስት ጊዜ ታጥቦ፣ ማንም እንዳይቀዳበት መበሳት ነው። ለጠበል መቅጃ ያገለገለ ጄሪካን ከገበያ ስንገዛም ቀድሞ ምን እንደነበረበት እንጠይቅ፤ ሻጩ ካላወቀ ይቅርብን።