ቮልስ በደጋ፦ የአሮጌ ሞተር አጸዳድ

ከጉንደወይን ተነስቶ የዓባይን ሸለቆ ወርዶ ወሎ ውስጥ ወዳለችው መካነ ሰላም የወጣ ቮልስ ከኋላው የሚያወጣው ሽታ ብዙ ይናገራል። ሽታው የተቃጠለ ዘይት ከሆነ፣ ሞተሩ ላይ የከረመ ቅባትና አቧራ እየተጠበሰ ነው። ቮልስ ራዲያተር የለውም። ሙቀቱን የሚወስድለት ቬንትሌተሩ የሚነፋው አየር ነው፤ አየሩም በሲሊንደሮቹ ዙሪያ በተደረደሩት ስስ ክንፎች መካከል ያልፋል። ክንፎቹ በቆሻሻ ሲደፈኑ ሞተሩ ጋቢ ደርቦ ዳገት እንደሚወጣ ሰው ይሆናል። መካነ ሰላም ደግሞ 2,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ አየሯ ከባሕር ጠለል አየር በሩብ ያህል የሳሳ ስለሆነ ተሸክሞ የሚሄደው ሙቀትም በዚያው ልክ ያንሳል። ስለዚህ እዚህ አገር የቮልስ ሞተር ሲጸዳ የማቀዝቀዣው ጥገና እየተሠራ ነው።

ይህ ሞተር ክብር ይገባዋል። እ.ኤ.አ. በ1948 የተሠራው የመጀመሪያው ፖርሽ 356 የስፖርት መኪና ሞተሩን ያገኘው ከቮልስ ነው። እኔም የራሴን ቮልስ የማጸዳው በዚያ አክብሮት ነው።

ቀኑ የበጋ ይሁን፤ ክረምት ላይ የረጠበ ሞተር ሳይደርቅ ይመሻል። ጠዋት ውርጭ ስላለ ቅባቱ ይደርቃል፤ ከ3 ሰዓት በኋላ ፀሐይ ስትሞቅ ይጀምሩ። ሞተሩን አምስት ደቂቃ ያህል አስነስተው ያጥፉት፤ እጅ ችሎ የሚነካው ለብታ ላይ ሲደርስ ቅባቱ በቀላሉ ይለቃል። የጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ማፍሰስ ግን ብረቱን ሊሰነጥቅ ይችላል።

ከዚያ የባትሪውን ኔጌቲቭ ገመድ ይፍቱ። ባትሪው ከኋላ መቀመጫው ሥር በቀኝ በኩል ነው።

አሁን ስለ እሳት። በቮልስ ውስጥ የቤንዚን ፓምፑና ዲስትሪቢዩተሩ ጎረቤታሞች ናቸው፤ የቤንዚኑ ጎማ ቱቦም ከላያቸው ያልፋል። ቱቦው በዕድሜ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ለእሳት አንድ ጠብታ ቤንዚንም ይበቃል። የሞተሩ ገላ ማግኒዥየም ያለበት ቅይጥ ስለሆነ አንዴ ከተያያዘ ውሃ ያባብሰዋል እንጂ አያጠፋውም። ማጽዳት ከመጀመርዎ በፊት ቱቦውን ቆልመም አድርገው ይዩት፤ የተሰነጠቀ ወይም የጠነከረ ከሆነ ያኔውኑ ይቀይሩት፣ በሁለቱም ጫፎች በብረት ማሰሪያ ያጥብቁት። ደረቅ አሸዋ የሞላ ባልዲ አጠገብዎ ያስቀምጡ። ብዙ ጋራዦች ሞተርን በቤንዚን ሲያጥቡ አይቻለሁ፤ እባክዎ አያድርጉት። ለቅባቱ ነጭ ጋዝ ወይም ናፍጣ ይበቃል፣ እሱም ቢሆን በጥቂቱና ክፍት ቦታ ላይ።

ቀጥሎ መሸፈን ነው። የአየር ማጣሪያውን ሳያዘነብሉ ያውጡት፤ ውስጡ ዘይት አለ። የካርቡራተሩን አፍ በንጹህ ጨርቅ ይድፈኑና በፌስታል ጠቅልለው ይሰሩት። ዲስትሪቢዩተሩን፣ ኮይሉንና ዲናሞውን እንዲሁ በፌስታል ያልብሱ። የካንዴላ ገመዶችን የሚነቅሉ ከሆነ ከመንቀልዎ በፊት በእያንዳንዱ ላይ ባለ ቀለም ክር ይሰሩ፤ የእሳቱ ተራ 1፣ 4፣ 3፣ 2 ነው፤ ከተቀያየረ ሞተሩ አይነሳም።

አሁን ወደ ቆሻሻው። መጀመሪያ ደረቁን ያውጡ፣ ምክንያቱም አቧራ ከዘይት ጋር ከተላወሰ ጭቃ ይሆናል። ከላይ ወደ ታች በቀለም ብሩሽ ይጥረጉ፤ ጥግ ያለውን በጥርስ ብሩሽ፣ የተጋገረውን በተቀረጸ እንጨት ይፋቁ። ብረት ካቻቢቴ አሉሚኒየሙን ይቧጭረዋል። ቀጥሎ ብሩሹን ነጭ ጋዝ እያስነኩ ቅባቱን ይሹ፣ አሥር ደቂቃ ይተዉት፣ ከዚያ ለብ ባለ ውሃ በተበጠበጠ ላርጎ ያጥቡት። ኮስቲክ ሶዳ አያቅርቡበት፤ ቴስታታውን ይበላዋል። ማለቅለቂያው ትንሽ ጆግ ውሃ ነው። አንድ ላቫጆ ውስጥ በከፍተኛ ግፊት ውሃ ካስረጨሁ በኋላ ሁለት ቀን ሙሉ መኪናዬ አልነሳ ብሎኛል፤ ውሃው ዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ ገብቶ ነበር። ከመኪናው ሥር ሰፊ ሳፋ ያስቀምጡ፤ የሚወርደውን ዘይታም ውሃ በጀሪካን ይያዙት፣ ሰውና ከብት የሚጠጡት ወንዝ ዳር አይደፋም።

ጊዜዎን የሚወስዱት ክንፎቹ ናቸው፤ ይውሰዱም። ወሎ ውስጥ መኪና ከገብስ ክምርና ከጭድ አጠገብ ይቆማል፤ ቮልስ ጥቂት ወር ከቆመ አይጥ በቬንትሌተሩ ቆርቆሮ ውስጥ ጎጆ ትሠራለች። መኪናው ሥር ይተኙና የእጅ ባትሪ አብርተው በሲሊንደሮቹ መካከል ይዩ። ገለባ ካዩ ጫፉ በተቆለመመ ሽቦ ይጎትቱት፣ ከዚያ ከጎሚስታ ቤት በኮምፕሬሰር ይንፉት። ዘይት ማቀዝቀዣውም በዚያው ቆርቆሮ ውስጥ ስለተሸፈነ አይታይም። ጎጆው ጠልቆ ከገባ ቆርቆሮው መፈታት አለበት፤ ያ የመካኒክ ሥራ ነው፣ የሚወጣው ገንዘብ ግን ከሚቃጠል ሞተር ይሻላል።

የአየር ማጣሪያውን አሮጌ ዘይት አፍስሰው፣ ሳህኑን በነጭ ጋዝ አጥበው፣ ምልክቱ ድረስ አዲስ ዘይት ይሙሉ። የመንገዱን አቧራ ከሞተርዎ የሚመልሰው ይህ ነው። ካንዴላዎቹንም ይዩ። ግራጫና ቡኒ ከሆኑ ደህና ናቸው። ደረቅ ጥላሸት ከያዙ፣ ለቆላ የተስተካከለ ካርቡራተር በሳሳው የደጋ አየር ከሚገባው በላይ ቤንዚን እየሰጠ ሊሆን ይችላል፤ መካኒኩን አስተካክልልኝ ይበሉት። በዘይት ከረጠቡ ችግሩ ከውስጥ ነው። ሲመልሷቸው የገመዶቹ ጫፍ ላይ ያሉት ላስቲኮች ቆርቆሮው ላይ በደንብ መግጠማቸውን ያረጋግጡ፤ በክፍተቱ የሚያመልጠው አየር ለሲሊንደሩ የታሰበው ነው። በሞተሩና በመኪናው ገላ መካከል ዙሪያውን ያለው ላስቲክም እንዲሁ፤ እሱ ከሌለ ከሥር የሚወጣው ትኩስ አየር ተመልሶ ይሳባል።

ለሁለት ሰዓት ፀሐይ ላይ ይተዉት። ፌስታሎቹንና የካርቡራተሩን ጨርቅ ያውጡ፣ የአየር ማጣሪያውን ይመልሱ፣ የዲስትሪቢዩተሩን ክዳን ከፍተው በደረቅ ጨርቅ ይጥረጉ፣ የባትሪውን ገመድ ይመልሱ፣ ያስነሱት። ለማንጸባረቅ ዘይት የሚቀቡ አሉ፤ እኔ አልስማማም፣ አቧራ ይጠራል። የታጠበው ቆርቆሮ ዝገት ከያዘ ብርጭቆ ወረቀት መትተው ሙቀት የሚችል ጥቁር ቀለም ይቀቡት።

ማታ ከሞተሩ ሥር ነጭ ካርቶን ያንጥፉ። ጠዋት ጠብታ ካለ የወደቀችበትን ቦታ ወደ ላይ ተከትለው ይመልከቱ፤ ሞተሩ አሁን ንጹህ ስለሆነ ዘይቱ ከየትኛው ጓርኒሲዮን እንደሚወጣ በግልጽ ይታያል።