የሰፈር ልማት ድጎማና የነጋዴው ድርሻ

ንግድ የሚለማው በነጋዴው ትጋት ብቻ አይደለም። ዕቃው የሚያልፍበት መንገድ፣ ጎርፍ የሚወርድበት ቦይ፣ ገበያተኛው ሲመሽ የሚተማመንበት መብራት፣ ሠራተኛው የሚገለገልበት መጸዳጃ ቤት ካልተሟሉ ሱቁ ሙሉ ሆኖ ሳለ ገበያው ባዶ ይሆናል። ይህን የሚያሟላው ማን ነው? ገንዘቡስ ከየት ይመጣል? ነጋዴውስ በምን መንገድ ሊጠይቅና ሊካፈል ይችላል? የዛሬው ትምህርታችን በዚህ ላይ ነው። ለምሳሌ እንዲሆነን የቦሌና የየካ ክፍለ ከተሞች የሚጎራበቱበትን የሃያ ሁለትን ሰፈር እንወስዳለን። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው፣ እንደሚነገረው፣ የ22 ቁጥር አውቶቡስ ከሚዞርበት ስፍራ ሲሆን፣ ዛሬ ሱቁ፣ ሆቴሉና ቢሮው ተጠጋግተው የሚሠሩበት የንግድ ቦታ ነው።

በመጀመሪያ ድጎማ ማለት ምን እንደሆነ እንረዳ። ድጎማ እንደ ብድር አይመለስም፤ እንደ ምጽዋትም ያለ ውል አይሰጥም። ለታወቀ ሥራ፣ በታወቀ ጊዜ፣ ሂሣቡ እንዲቀርብበት ሆኖ ከበላይ አካል ለበታች አካል ወይም ለሕዝብ ማኅበር የሚሰጥ ገንዘብ ነው። ስለዚህ ድጎማን የሚቀበል ሁሉ ሂሣብ የማቅረብ ግዴታን አብሮ ይቀበላል።

በአገራችን ጉዳዩ አዲስ አይደለም። በ1937 ዓ.ም. የወጣው የማዘጋጃ ቤቶች አዋጅ በከተማው ምክር ቤት ውስጥ የማይንቀሳቀስ ንብረት ያላቸው ነዋሪዎች እንዲቀመጡ አድርጎ ነበር። በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ቁጥር 47 የመንግሥት ሲሆን፣ ወርኃዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆኑ ቤቶች በቀበሌ ማኅበራት እጅ ገቡ፤ ቀበሌዎቹም ከሚሰበስቡት ኪራይ ለሰፈራቸው አገልግሎት ያውሉ ነበር። ይሁን እንጂ ኪራዩ ሳይጨምር ቤቱ እያረጀ በመሄዱ፣ ገንዘቡ ለቤቱ እድሳት እንኳ የማይበቃ ሆነ። ከዚህ የምንማረው፣ ለመሥራት የተመደበ ገንዘብ ለመጠገን ካልተመደበለት ሥራው ዕድሜ እንደማይኖረው ነው።

በቅርቡ ዘመን ደግሞ ድጎማው በሌላ መልክ መጣ። በ2000 ዓ.ም. በዓለም ባንክ ድጋፍ የተጀመረው የከተሞች ልማት ፕሮግራም አዲስ አበባን ጨምሮ 19 ከተሞችን ያቀፈ ነበር። በ2006 ዓ.ም. ሁለተኛው ፕሮግራም 44 ከተሞችን፣ በ2010 ዓ.ም. የተከተለው ደግሞ 117 ከተሞችን ይዞ ተነሣ። በእነዚህ ፕሮግራሞች ገንዘቡ በልመና ብዛት አይታደልም ነበር፤ ከተማው ዕቅዱን ማዘጋጀቱ፣ ሂሣቡን ማስመርመሩና ሥራውን መፈጸሙ በየዓመቱ እየተመዘነ፣ በውጤቱ መጠን ይከፈለው ነበር። እንዲሁም በ2009 ዓ.ም. በ11 ከተሞች የተጀመረው የከተማ ምግብ ዋስትናና ሴፍቲኔት ፕሮግራም፣ ከዓለም ባንክ 300 ሚሊዮን፣ ከመንግሥት 150 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ተመድቦለት፣ ድኾች በጽዳት፣ በአረንጓዴ ልማትና በሰፈር ሥራዎች ተሠማርተው ደመወዝ እንዲያገኙ አድርጓል።

በውጭ አገርም ተመሳሳይ ልምድ አለ። በብራዚል የምትገኘው የፖርቶ አሌግሬ ከተማ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1989 ጀምሮ ነዋሪዎች በየሰፈራቸው ተሰብስበው የከተማው በጀት በየትኛው ሥራ ላይ እንዲውል ቅድሚያ የሚሰጡበትን ሥርዓት አቆመች። በእንግሊዝ አገር ደግሞ አዲስ ሕንፃ ከሚሠራ ሰው ከሚሰበሰበው የመሠረተ ልማት ክፍያ ከመቶ 15፣ ሰፈሩ የጸደቀ ፕላን ካለው ከመቶ 25 እጅ ለዚያው ሰፈር ሥራ ይውላል። በሁለቱም አገር ተጠቃሚ የሚሆነው አስቀድሞ የተዘጋጀው ሰፈር ነው።

አሁን ወደ ሃያ ሁለት እንመለስ። ከዋናው መንገድ ገባ ባለ አንድ መተላለፊያ 40 ሱቆች አሉ እንበል። በክረምት ጎርፉ ቦይ በማጣቱ ወደ ሱቅ ይገባል፤ ጨርቃ ጨርቁ ይረጥባል፣ ስኳሩ ይሟሟል። ቦዩን ለመሥራት 1,200,000 ብር ያስፈልጋል፤ ከዚህም ሦስት አራተኛውን፣ ማለት 900,000 ብር፣ አስተዳደሩ ቢሰጥ ለነጋዴዎቹ 300,000 ብር ይቀራል። (አኃዙ ለትምህርት የተሰጠ ምሳሌ ነው።) እኩል ቢካፈሉት ለእያንዳንዱ 7,500 ብር ይደርሰዋል። ነገር ግን ትልቁ መደብርና ትንሿ ሱቅ እኩል ይክፈሉ ማለት ጠብ ያስነሣል። 10ሩ ትልልቆች 12,000 ብር፣ 30ዎቹ ትንንሾች 6,000 ብር ቢከፍሉ፣ 120,000 እና 180,000 ተደምሮ ያው 300,000 ብር ይሞላል፤ ፍርዱም ይቀናል። ለየዓመቱ ጠረጋ 24,000 ብር ቢያስፈልግ ደግሞ ለአንድ ሱቅ በወር 50 ብር ብቻ ነው። ይህን ሃምሳ ብር የሚሰስት ሰፈር በሦስተኛው ክረምት ቦዩን በቆሻሻ ደፍኖ ያገኘዋል።

ጥያቄውን ለማቅረብ የሚከተለውን ሥርዓት መጠበቅ ይጠቅማል።

አንደኛ፤ ጉዳቱን በጽሑፍ መያዝ። ጎርፉ የገባበትን ቀን፣ የተበላሸውን ዕቃ ዓይነትና ዋጋ፣ ሱቁ ተዘግቶ የዋለበትን ጊዜ በመዝገብ ማስፈር። «በጣም ተጎድተናል» የሚል ማመልከቻ ብዙ ነው፤ ከሰነድ ጋር የቀረበ ግን ጥቂት ነው።

ሁለተኛ፤ በጊዜው ማቅረብ። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ተጀምሮ ሰኔ 30 ቀን ስለሚዘጋ፣ ዕቅዱ የሚዘጋጀው ከዚያ አስቀድሞ ነው። በሐምሌ ጎርፍ ሲገባ የተጻፈ ማመልከቻ ለዚያው ዓመት በጀት አይደርስም። ጥያቄው በበጋው፣ ቢቻል እስከ ጥር ወር፣ ለወረዳው ቢቀርብ መልካም ነው።

ሦስተኛ፤ ፕላኑን መጠየቅ። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ በኮሪደር ልማት ብዙ መንገዶች ሰፍተዋል፤ ብዙ ሱቆችም ተነሥተዋል። ስለዚህ በመተላለፊያው ላይ ገንዘብ ከማፍሰስ በፊት ቦታው በከተማው ፕላን ለምን እንደተመደበ ከክፍለ ከተማው በጽሑፍ ማረጋገጥ ከኪሣራ ያድናል።

አራተኛ፤ በቤቱ ባለቤትና በተከራዩ መካከል መስማማት። ብዙዎቹ ባለሱቆች ተከራዮች ናቸው። ተከራዩ አዋጥቶ ቦዩን ካሠራ በኋላ ቦታው ስላማረ ኪራይ ቢጨመርበት ለገዛ ራሱ መፈናቀል ገንዘብ ሰጠ ማለት ነው። መዋጮው ከኪራይ እንዲታሰብለት ወይም ኪራዩ ለተወሰነ ጊዜ እንዳይጨመር ሥራው ሳይጀመር በውል ይጻፍ።

አምስተኛ፤ ደረሰኝ። ያለ ደረሰኝ የተሰበሰበ ብር ለሐሜት በር ይከፍታል፤ ሰብሳቢው ቅን ሰው ቢሆንም እንኳ ቅንነቱን የሚያስረዳለት ወረቀት የለውም። ገንዘቡ በሁለት ሰው ፊርማ በሚንቀሳቀስ የባንክ ሂሣብ ይቀመጥ፤ ገቢና ወጪውም በየወሩ ለአዋጪዎቹ ይነበብ።

ስድስተኛ፤ የግብሩን ነገር መመርመር። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 ሕጉ ለሚያውቃቸው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ለመንግሥት የአስቸኳይ ጊዜ ጥሪ የተሰጠን ስጦታ፣ ግብር ከሚከፈልበት ገቢ ከመቶ 10 እስካልበለጠ ድረስ በተቀናሽነት ይቀበላል። ለዕድር የተሰጠ መዋጮ ግን በዚሁ ዓይን ላይታይ ይችላል፤ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113 ዕድርና ዕቁብን አይመለከትምና። የገቢ ግብሩ አዋጅ በ2017 ዓ.ም. ስለተሻሻለ፣ ነጋዴው ከመስጠቱ በፊት ሂሣብ ዐዋቂውን ይጠይቅ።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል፤ «ግብር ከፍለናል፣ ስለ ምን ዳግመኛ እናዋጣለን?» የሚል። ጥያቄው ተገቢ ነው። አስተዳደሩ በግብር ሊሠራ የሚገባውን ሥራ በመዋጮ ስም በነጋዴው ላይ መጫን የለበትም፤ መዋጮም በፈቃድ እንጂ በግዳጅ ሊሆን አይገባም። ነገር ግን የከተማው በጀት ለሁሉም ሰፈር በአንድ ዓመት አይዳረስም፤ ወረፋውን ሲጠብቅ በየክረምቱ ዕቃው የሚረጥብበት ነጋዴ ኪሣራውን የሚከፍለው ብቻውን ነው። ድርሻውን አዘጋጅቶ፣ ሰነዱን አሟልቶ የቀረበ ሰፈር ግን አስተዳደሩ ለሥራው ሊያወጣ የሚገባውን ወጪ ስለሚያቃልል ጥያቄው በቀላሉ የሚታለፍ አይሆንም።

በንግድ ምክር ቤት ጥላ ሥር መሰባሰብም ለዚሁ ይረዳል። የአዲስ አበባ ንግድ ምክር ቤት ከተቋቋመበት ከ1939 ዓ.ም. ጀምሮ የነጋዴውን ቃል ለመንግሥት ሲያደርስ ኖሯል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንዲሉ፣ አርባ ሱቆች በአንድ ማመልከቻ የጠየቁት ከአርባ ማመልከቻ ይልቅ ይደመጣል። ክረምቱ ቀጠሮውን አያፈርስምና የየሰፈሩ ነጋዴዎች በዚህ በጋ ተሰብስበው መዝገባቸውን ይክፈቱ።