ማስጠንቀቂያና ማስፈራሪያን እንለይ

ፊደል የቆጠረ ሰው ጽሑፍ ያነባል። ማንበብ ብቻውን ግን አይበቃም፤ ያነበቡትንና የሰሙትን መመርመርም ያስፈልጋል። ገበሬ እህሉን ሳያበጥር ጎተራ አይከትም። በስብሰባ የሚነገር ነገርም ፍሬና ገለባ አለው።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። የአንድ ኅብረት ሥራ ማኅበር አባላት ተሰብስበዋል እንበል። አንድ አባት ተነሥተው «የማዳበሪያው ሒሳብ ይመርመርልን» አሉ። ሊቀ መንበሩ እንዲህ ሲሉ መለሱ፦

«ሒሳብ ይመርመር ማለት ማኅበሩን አለማመን ነው። ማኅበሩ ካልታመነ ይፈርሳል። ከፈረሰ ማዳበሪያ አይመጣም። ማዳበሪያ ካልመጣ ልጆቻችን ይራባሉ። ታዲያ እኒህ ሰውዬ ልጆቻችንን ሊያስርቡ ነው? ደግሞስ እሳቸው አምና ዕዳቸውን በጊዜው መቼ ከፈሉ? ወይ ከማኅበሩ ጋር ነን፣ ወይ ከጠላት ጋር!»

ተሰብሳቢው አጨበጨበ። ሒሳቡ ግን ሳይመረመር ቀረ።

እስቲ ንግግሩን እናበጥረው።

1ኛ/ በፍርሃት ላይ ፍርሃት መቀጠል። ከሒሳብ ምርመራ ተነሥተው ረሃብ ላይ ደረሱ። በመካከሉ ያለው እያንዳንዱ እርምጃ እውነት ነው ወይ? ሒሳብ መመርመር ማኅበር ያፈርሳል? እንዲያውም ሒሳቡ የሚታይ ማኅበር ይበልጥ ይታመናል። የሰንሰለቱ የመጀመሪያ ቀለበት ከተበጠሰ የቀረው ሁሉ ይወድቃል።

2ኛ/ ነገሩን ትቶ ሰውዬውን መምታት። ዕዳ ማዘግየት ጥፋት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን የማኅበሩ ሒሳብ ትክክል መሆኑን አያሳይም። ባለዕዳም ቆጠረው ሌላ፣ ሁለትና ሁለት አራት ነው።

3ኛ/ «ወይ ይህ፣ ወይ ያ» ማለት። ማኅበሩንም የሚወድ፣ ሒሳቡም እንዲታይ የሚፈልግ አባል የለም እንዴ? የጠየቁት አባት ቦታቸው እዚህ ነው።

ይህ ሦስተኛው ስሕተት በአገራችን ብዙ ደም አፍስሷል። በ1969 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በዚያን ጊዜ አብዮት አደባባይ በሚባለው በዛሬው መስቀል አደባባይ ሕዝብ ፊት ቆመው፣ ቀይ ፈሳሽ የሞላባቸውን ጠርሙሶች ከመሬት ከሰከሱ። የዘመኑ መፈክር «አብዮታዊት እናት አገር ወይም ሞት!» የሚል ነበር። አደጋ አልነበረም አይባልም። በከተማ የታጠቁ ተቃዋሚዎችም ይገድሉ ነበር፤ በዚያው ዓመት በሐምሌ ደግሞ የሶማሊያ ጦር ድንበር ጥሶ ገባ። ችግሩ፣ ገዳዩና ወራሪው ከጠያቂው ጋር በአንድ ስም መጠራታቸው ነው። «አናርኪስት» ወይም «ፀረ አብዮተኛ» የተባለ ሰው ማስረጃ አይጠየቅበትም ነበር። በቀይ ሽብር ብዙ ሺህ ሰው ያለ ፍርድ ተገደለ። ኮሎኔሉ በ1999 ዓ.ም. በሌሉበት በዘር ማጥፋት ወንጀል ጥፋተኛ ተባሉ። የሞቱት ግን አልተመለሱም።

ታዲያ የሚያስፈራ ወሬ ሁሉ ውሸት ነው? አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የበረሃ አንበጣ በብዙ አካባቢ ሰብል አጥፍቷል። «አንበጣ መጣ» ያለ ሰው አስፈርቷል፤ ግን እውነቱን ነበር። የት እንዳረፈ ይናገራል፤ ያላመነ ወጥቶ ማየት ይችላል፤ ምን እንደሚደረግም አብሮ ይመከራል። ማስጠንቀቂያ ማለት ይህ ነው። ማስጠንቀቂያ «ኑና እዩ» ይላል። ማስፈራሪያ ግን «ዝም በሉ» ይላል።

ስለዚህ ንግግር ስንሰማ፣ ወይም በስልክ የመጣ ወሬ ስናነብ፣ እነዚህን እንጠይቅ፦

ሀ/ ይህን ያየው ማነው? ማስረጃውስ የት አለ?
ለ/ አንዱ ነገር ከሌላው በእርግጥ ይከተላል?
ሐ/ የሚናገረው ስለ ነገሩ ነው ወይስ ስለ ሰውዬው?
መ/ ሦስተኛ መንገድ የለም?

ከምንጠላው ሰው ንግግር ገለባ ማግኘት ቀላል ነው። የሚከብደው የምንወደውን ሰው ንግግር ማበጠር ነው። ፈተናው እዚያ ላይ ነው።

ወደ ስብሰባው እንመለስ። ሰምቶ ያጨበጨበው ሰው ምን ማለት ይችል ነበር? መጣላት አያስፈልገውም። «ሊቀ መንበር፣ ማኅበሩ እንዳይፈርስ እኛም እንፈልጋለን። እንግዲያው መዝገቡ ይከፈትና አብረን እንየው» ቢል ይበቃው ነበር። እንዲህ የሚል አንድ ሰው ቢገኝ፣ እኒያ አባት ብቻቸውን ባልቀሩ ነበር። አበው «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ያሉት ለዚህ ነው።

የመወያያ ጥያቄዎች

1/ በቅርብ ጊዜ በስብሰባ የሰማችሁት «ወይ ይህ፣ ወይ ያ» የሚል ንግግር አለ? ሦስተኛው መንገድ ምን ነበር?
2/ አንድ እውነተኛ ማስጠንቀቂያና አንድ ማስፈራሪያ ጥቀሱ። በምን ለያችኋቸው?
3/ ለሊቀ መንበሩ የምትሰጡትን መልስ በሦስት መስመር ጻፉና ለጎረቤታችሁ አንብቡለት።